ኪስ ውስጥ የተደበቀችው ወረቀት

«ና ቡራዩ፤ በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም።»

ይህን ያለኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጽፍም። «ስሜ ከወጣ አበቃልህ!» ብሎ አስምሎኛል። ልጁ ቀልደኛ ስለሆነ እሁድ ጠዋት ከአስኮ ታክሲ የተሳፈርኩት ወይ ዶሮ ተሠርቷል፣ ወይ የተለመደ ጉድ አለ ብዬ ነበር። ስደርስ ግን ፊቱ ጠቁሯል። ወደ ቤት ሳያስገባኝ ከከብቶቹ በረት ጀርባ ወሰደኝና ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈች፣ ከመታጠፏ ብዛት ጠርዟ የተበላ ወረቀት አወጣ።

የላቦራቶሪ ውጤት ናት። የእሱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ። የፈሳሹ መጠን ደህና ነው። ብዛቱም ደህና ነው። «እንቅስቃሴ» በሚለው ቦታ ላይ ግን አንዲት አሃዝ ብቻ ተጽፋለች፦ 0።

«መቼ ነው የተመረመርከው?»

«ሰባት ወር ሆነኝ።»

«እሷስ ታውቃለች?»

ዝም አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ዝምታ እስቲ በደንብ ተመልከቱት። እሱና ሚስቱ ከተጋቡ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ ሚስቱ ሁለት ዙር ጸበል ገብታለች። ሰው የነገራትን ሥር ሁሉ እየቀቀለች ጠጥታለች። የማሕፀን ቱቦዋ ክፍት መሆኑን ለማየት መድኃኒት ተጨምሮባት ራጅ ተነስታ፣ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ስታለቅስ ነው የመጣችው። አማቷ ደግሞ ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤት እየሰማ «ልጄ እኮ በቅሎ ነው ያገባው!» ይላሉ። ባልየው ይህን ሁሉ ሲሰማ ወረቀቷ ኪሱ ውስጥ ነበረች።

እውነቱን ልናገርና በጥፊ ልለው ዳድቶኝ ነበር።

«ሐኪሙ የነገረኝ አንዱም ጆሮዬ አልገባ» አለኝ። «“ጅራታቸው ነው” አለኝ። የምን ጅራት? አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ? ጠይቅልኝ። ከፈለግህ ጻፈው፤ ስሜን ብቻ…»

ይኸው ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ጻፍኩት።

ለካ ኮርማም ይመክናል!

መጀመሪያ ያስተማረኝ ሰው ሐኪም አይደለም። በዚያው እሁድ ከእናትየው ላሞች አንዷ ኮርማ ፈልጋ ስለነበር አዳቃዩ በሞተር ሳይክል ከተፍ አለ። ቡራዩ ውስጥ ወተት የሚሸጥ ቤት ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከተሞላው ዕቃው ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነች ቱቦ አወጣ። የኮርማ አባለ ዘር ናት።

እኔም ነገር ፍለጋ «ይሄ የሚሠራ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«ቃሊቲ ያለው የማዳቀያ ማዕከል ገና ከኮርማው ሲወሰድ በማይክሮስኮፕ ያየዋል» አለኝ። «የሚዋኝ ከሌለ ይደፋል። ከቀዘቀዘ በኋላም አቅልጠው እንደገና ያዩታል።»

እናትየው የላሟን ጭራ እንደያዙ ጣልቃ ገቡ። «ኮርማው ጉልበተኛ ከሆነስ? ደልቦ፣ ምድር ቁና ሆኖበት እያየነው?»

«እማማ፣ ጉልበቱ ሌላ፣ ዘሩ ሌላ! ላም ላይ ይወጣል፣ ሥራውን ይሠራል፤ ዘሩ ጅራት ከሌለው ግን ጥጃ የለም።»

«ወይ ጉድ! ለካ ኮርማም ይመክናል!» አሉ እናትየው። ጓደኛዬ መሬት መሬት ሲያይ አየሁት።

ይህን ወሬ ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። ከብት አርቢ ነጋዴ ስለሆነ እውነቱን ይጠይቃል፦ ዘሩ ይዋኛል ወይስ አይዋኝም? እኛ ግን የሰው ጊዜ «ወንድ ነው፣ ምን ጎድሎት!» እንላለን። አልጋ ላይ ያለ ብርታትና የዘሩ ጤንነት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጓደኛዬ «ወንድነቱ» ላይ አንድም ችግር የለበትም። የታመመው የስፐርሙ ጅራት ነው።

ጅራቷ ውስጥ ጎጆ ቤት አለ

አንዲት የሰው ስፐርም ጭንቅላትና ጅራት አላት። ጭንቅላቷ የአባትየውን ዘር ተሸክሟል። ጅራቷ ሞተሯ ናት። አንድ ሚሊ ሜትር ለሃያ ብትከፍሉት የአንዷን ጅራት ርዝመት ገደማ ታገኛላችሁ። ሌቨንሁክ የሚባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1677 በራሱ ማጉያ መነጽር ያያት ጊዜ የታየው የምትወራጭ ጅራት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ውስጧ ምን እንዳለ ይታወቃል።

ጎጆ ቤት ሲሠራ አይታችኋል? ምሰሶው መሐል ይቆማል፤ ግድግዳው በዙሪያ ይተከላል፤ ማገሩ ያያይዘዋል፤ ልጡ ያስረዋል። ጅራቷም እንዲሁ ናት። ቆርጣችሁ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብታዩዋት መሐል ላይ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ በዙሪያቸው ደግሞ ዘጠኝ ጥንድ ቱቦዎች ቆመዋል። በጥንዶቹ ላይ «ዳይኒን» የሚባሉ ትናንሽ ክንዶች አሉ። ኃይል ሲያገኙ ጎረቤታቸውን ጥንድ እየያዙ ይገፋሉ። ጅራቷ የምትታጠፈውና የምትዋኘው በዚህ ግፊት ነው።

የእኛና የከብቶች ስፐርም ከዚህ ሌላ ማጠናከሪያ አላት። ከዘጠኙ ጥንዶች ውጭ ዘጠኝ ወፋፍራም ክሮች ይሄዳሉ። ከአንገቷ ዝቅ ብሎ ባለው ክፍል ላይ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች እንደ ጥምጥም ተጠምጥመውባታል። ከዚያ በታች ያለውን ረጅሙን ክፍል ደግሞ የጎድን አጥንት የመሰለ ሽፋን ይዞታል።

ይህ ሁሉ የተሠራው ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስል ሽሮና ሥጋ ብቻ ትዝ እንዳይላችሁ! ሰውነታችን ራሱ በዘራችን በተጻፈው ትእዛዝ የሚሠራቸው ዕቃዎች ናቸው። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ዕቃዎቹ መኖራቸው ብቻ አይበቃም፤ እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው። ልጥ የሌለው ግድግዳና ማገር የእንጨት ክምር እንጂ ቤት አይደለም።

ለምሳሌ ወፋፍራሞቹ ክሮች ውስጥ ኦዲኤፍ 1 እና ኦዲኤፍ 2 የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። የሚያያዙት «ሉሲን ዚፐር» በሚባል መቆለፊያ ነው። አዎ፣ ዚፕ! እንደ ጃኬታችሁ ዚፕ ጥርስ ለጥርስ ይነካከሳሉ። የጎድን አጥንት የመሰለው ሽፋን ውስጥ ደግሞ ኤካፕ 3 እና ኤካፕ 4 የተባሉት እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሽፋኑን ከማቆማቸውም በላይ «ዋኚ!» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፉትን ሌሎች ፕሮቲኖች ቦታቸው ላይ አስረው ይይዛሉ።

አንድ ማገር ሲጎድል

ሳይንቲስቶች ይህን ያወቁት በአብዛኛው አይጥ ላይ አንድ ዕቃ እየነቀሉ «አሁንስ ምን ይሆናል?» እያሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ኤካፕ 4 የሌላቸው አይጦች ታዩ። ወንዶቹ ጤነኞች ናቸው፤ የስፐርማቸው ብዛትም አልቀነሰም። ሽፋኑ ግን በቅጡ አልተሠራም፤ ጅራቱ አጥሯል፤ ወደ ፊት መዋኘት የለም። መካኖች ሆኑ። የወረቀቷን ነገር አስታወሳችሁ? ብዛቱ ደህና፣ እንቅስቃሴው የለም!

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኦዲኤፍ 1 የሌላቸው አይጦች ጉድ ታየ፦ የስፐርሞቹ ጭንቅላት ከጅራታቸው ተለያየ። ዚፑ ሲበጠስ ጃኬቱ ለሁለት ይከፈላል እንደማለት ነው።

በከብት እርባታም ታይቷል። ፊንላንድ ውስጥ አንድ የአሳማ ዝርያ ላይ ወንዶቹ በሌላ ነገር ሁሉ ጤነኛ ሆነው ስፐርማቸው ጅራቱ አጭርና የማይንቀሳቀስ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 ምክንያቱ ኤስፔፍ 2 የሚባል አንድ ፕሮቲን መበላሸቱ መሆኑ ታወቀ። ከዓመታት በኋላ የዚሁ ፕሮቲን ብልሽት መውለድ ባቃታቸው ወንዶች ላይም ተገኘ። አዳቃዩ «ጉልበቱ ሌላ፣ ዘሩ ሌላ» ያለው ትክክል ነበር።

ሰው ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ግኝት የስዊድናዊው የቢዮርን አፍዜሊየስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 የባሕር እንስሳ ስፐርም ሲያይ የዳይኒን ክንዶችን አየ። በ1976 ደግሞ ስፐርማቸው የማይንቀሳቀስ ጥቂት ወንዶችን መርምሮ ክንዶቹ እንደሌሉ አስታወቀ። የሚገርመው ወንዶቹ ሌላም ችግር ነበረባቸው፦ ከልጅነት ጀምሮ የማይለቅ ሳልና ሳይነስ! ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧችንን የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች የተሠሩት በዚያው በዘጠኝና በሁለቱ ቱቦዎች ዕቅድ ነው። ክንዱ ከሌለ እዚያም መጥረግ የለም። እንዲህ ካሉት ሰዎች ገሚሶቹ ላይ ልባቸው በቀኝ በኩል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ዘር ሊያማክራችሁ ተቀምጦ «ከልጅነትህ ጀምሮ ትስል ነበር?» ቢላችሁ አትሳቁ።

ጓደኛዬም ተጠይቆ ነበር። ሳል የለበትም። እንዲህ ከሆነ ችግሩ ጅራቷ ብቻ ያላት አንድ ዕቃ ላይ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቷን ከማመናችሁ በፊት

አሁን ለእናንተ፣ በተለይ ትዳር ለያዛችሁና ለመያዝ ለምታስቡ ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ በአንድ ምርመራ አትደምድሙ። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ናሙና ቤቱ ወስዶ፣ በብልቃጥ ይዞ፣ አስኮ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ነው ያደረሰው። ናሙና በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ «አይንቀሳቀስም» ማለት ምን ያስደንቃል? ኪሱ ያለችው ወረቀት የሁለተኛው ምርመራ ናት፤ እሱን እዚያው ነው የሰጠው። ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብም ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የማይንቀሳቀስ ሁሉ የሞተ አይደለም። ላቦራቶሪው በቀለም ይለያል፤ የሞተው ቀለሙን ይቀበላል፣ በሕይወት ያለው አይቀበልም። የጓደኛዬ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። ሞተሩ ነው እንጂ ሹፌሩ አልሞተም።

ሦስተኛ፣ ቁጥር አያስደንግጣችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከመቶ ስፐርም 42 ያህሉ ከተንቀሳቀሱ፣ 30 ያህሉም ወደ ፊት ከዋኙ ከተለመደው ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ «ግማሹ አይንቀሳቀስም» ተባልኩ ብሎ ራስን መጣል የለም። ከዚያ በታች የሆነም ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ ሁሉም የፕሮቲን ጉዳይ አይደለም። የቆለጥ ደም ሥር ማበጥ፣ ኢንፌክሽን፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛትና ከፍተኛ ሙቀትም ስፐርምን ይጎዳሉ። ጂም የምትሠሩ ልጆች ይህን ስሙ፦ ጡንቻ ለማሳበጥ የምትወጉት የወንድ ሆርሞን የስፐርም ምርትን ጭራሽ ሊያቆመው ይችላል። በታይፎይድ ወይም በወባ በኃይል አተኩሷችሁ ከነበረም ለሐኪሙ ንገሩ። አንዲት ስፐርም ተሠርታ ለመውጣት ሦስት ወር ገደማ ይፈጅባታል። የዛሬው ውጤት የዛሬ ሦስት ወር የነበረውን ጤንነታችሁን ነው የሚያሳየው።

አምስተኛ፣ «ጅራት የሚያስተካክል» ሽሮፕ፣ ሥር ወይም ቫይታሚን ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ከዘር የጎደለውን ፕሮቲን የሚተካ የሚጠጣ ነገር የለም።

ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልተፀነሰ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ሄዳችሁ ተመርመሩ። ልጅ ካላገኙ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ፣ አለበት። የወንዱ ምርመራ ደግሞ አንዲት ብልቃጥ ብቻ ናት። መርፌ የለው፣ ራጅ የለው! እሱ ሳይመረመር እሷን ማሠቃየት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በየት በኩል ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1992 ቤልጂግ፣ ብራስልስ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት በአዲስ ዘዴ ተወለዱ። ዘዴው በአጭሩ «ኢክሲ» ይባላል። ሐኪሙ አንዲት ስፐርም በቀጭን መርፌ ይዞ እንቁላሉ ውስጥ ራሱ ያስገባታል። መዋኘት የለ፣ መሽቀዳደም የለ። ጅራት ያላደረሰውን መርፌ ያደርሰዋል!

«ካልተንቀሳቀሱ ደህናዋን በምን ይመርጣሉ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ስፐርሞቹን ቀጠን ያለ ፈሳሽ ውስጥ ሲያደርጓቸው በሕይወት ያለችው ውኃ ስባ ጅራቷን ትጠቀልላለች። የሞተችው ዝም ትላለች። የተጠቀለለችው ትመረጣለች።

ለዚህ ውጭ አገር መሄድ ግድ አይደለም። የግሎቹን ትተን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ተቋም ደረጃ ከሰውነት ውጭ ፅንስ የሚፈጠርበትን ማዕከል ከፍቷል። ጓደኛዬን ያስገረመው ይሄ ነው። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ዊንጌት፣ ከዚያ ጳውሎስ… በየቀኑ ወደ ሥራ የሚሄድበት የታክሲ መንገድ! ወረቀቷን ኪሱ ይዞ ሰባት ወር ሙሉ በደጁ አልፏል።

አልዋሻችሁም፤ ነገሩ ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቃል፣ ሁልጊዜም አይሳካም። የጅራት ችግሩ ከዘር ከሆነ ለልጅ ሊተላለፍ ስለሚችልም ከሐኪም ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ግን በር አለ።

እናትየው

ወደ ታሪካችን ልመለስ። ጓደኛዬን «ወይ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ ከእንግዲህ እናንተ ቤት ቡና አልጠጣም» አልኩት። ከሳምንት በኋላ በገፈርሳ ውኃ በኩል ሲሄዱ ወረቀቷን አውጥቶ ሰጣት። አነበበችው። ስለ ጅራቱም፣ ስለ ዜሮውም አንድ ነገር አላለችም። ቀኑን ነው ያየችው።

«ሰባት ወር?» አለች። «ራጁን ስነሳ ታውቅ ነበር?»

በማግስቱ ሰበታ እህቷ ጋ ሄደች። ሦስት ሳምንት ቆየች። እሱ በየቀኑ ይደውላል፣ እሷ አታነሳም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ላከችበት፦ «ለእናትህ አንተ ራስህ ንገራቸው። እኔ በሌለሁበት ሳይሆን ፊቴ።»

ነገራቸው። እኔም ነበርኩ። እናትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ከማን የመጣ ነው ይሄ?» አሉ። እዚህ ላይ እኔ ያነበብኩትን ልናገር ብዬ ተነሳሁና ምላሴን ያዝኩ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ኤካፕ 4ን የሚያሠራው ዘር ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚወስደው ከእናቱ ብቻ ነው! ሌሎቹ ዕቃዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚበላሹት ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ ሲደርስ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጤነኛ ናቸው፤ ምንም አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከሰሜን አፍሪካ በመጡ ወንዶች ላይ የታወቀው የዳይኒን ብልሽት በዝምድና በተጋቡ ቤተሰቦች መሐል የተገኘ ነው። ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ተጋቡ የሚለው የአባቶች ወግ እንዲህ ያለውን አደጋ ይቀንሳል። የጓደኛዬ የትኛው እንደሆነ አልተለየም። ግን ከየትም ይምጣ፣ ማንም መርጦ አልሰጠውም። ጥፋት የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ጥፋቱ መደበቁ ላይ ነው።

እናትየው ያን ቀን ምራታቸውን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በረቱ ወጡ። ስንወጣ ላሟን እያሻሹ «ለካ ኮርማም…» ሲሉ ሰማናቸው። አልጨረሱትም። ማታ ግን ቡናውን ራሳቸው አፍልተው የመጀመሪያውን ስኒ ለእሷ ሰጧት። በዚያ ቤት እስከዚያ ቀን የመጀመሪያው የልጃቸው ነበር።

ታርቀዋል? ልበል ብል ውሸቴን ነው። ሚስትየው አሁንም አንዳንዴ «ሰባት ወር» ትልና ዝም ትላለች። ግን ቀጠሮ ይዘዋል፤ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ወረቀቷም አሁን ኪስ ውስጥ አይደለችም። ቤት ውስጥ ከጋብቻ ሰርተፊኬታቸው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ተቀምጣለች። እዚያ ያስቀመጠቻት እሷ ናት።

እናንተስ? ኪሳችሁ ውስጥ ምን አለ? ካለ ዛሬ አውጡት።

ቸር ሰንብቱ!